የወባ ያልሆነው የሑስና ክኒን

ከአይሱዙው ጀርባ የሄድኩት ለማንም ለማይነገር ጉዳይ ነበር። መቂ፣ ሽንኩርት መጫኛው አካባቢ፣ ሽንት ቤት የሚባል ነገር የለም። ያለው የመኪና ጀርባ ነው፤ እሱም መኪናው ድንገት ካልተንቀሳቀሰ። ጉዳዬን ሳልጀምር ግን ሰው እንዳለ አየሁና ቆምኩ።

ደገፋ የሚባለው ጫኝ በጆንያዎቹ መሃል ተኮራምቶ ተኝቷል። ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት ጥርሱ ይንገጫገጫል። ሑስና አጠገቡ ናት። ሆዷ መግፋት ስለጀመረ እንደ ልቧ ማጎንበስ አልቻለችም፤ በአንድ እጇ የመኪናውን ጎማ ተደግፋለች። ጥቂት ቀደም ብላ ይህንኑ ሰውዬ «አንተ ሰነፍ፣ እናትህ ደክሟት መሰለኝ ሳትጨርስህ የወለደችህ» ስትለው መጫኛው በሙሉ ሰምቷል። አሁን ግን የራሷን ሻርፕ አልብሳው፣ ከቦርሳዋ ክኒን አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለትና የውሃ ላስቲኳን አፉ ላይ ደገነች።

«ዋጥ! ዋጥ እንጂ፣ ሠርግ ቤት ነህ እንዴ የምታላምጠው?»

«ገለቶሚ፣ ሑስና።»

«ምስጋናህን ለሚስትህ ውሰድላት። ለሰው እንዳታወራ ብቻ። ደግ ናት ብለው ካስወሩብኝ ከነገ ጀምሮ በዋጋ የሚፈራኝ አይኖርም።»

ድምፄን አጥፍቼ፣ ጉዳዬንም እንደያዝኩ ተመለስኩ። በልቤ «ተመስገን» አልኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ማየት ቀኑን ሙሉ ያጠግባል። ያቺ ክኒን የማን ድርሻ እንደነበረች ያኔ ባውቅ ግን ከመኪናው ጀርባ ዘልዬ ወጥቼ ከደገፋ ጉሮሮ እነጥቅ ነበር።

ሑስናን ለማያውቃት ላስተዋውቅ። ወላጆቿ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን አዳማ ተወልዳ አዳማ ያደገች የናዝሬት ልጅ ናት። አማርኛዋ የአዳማ፣ ኦሮምኛዋ የመቂ፣ ስድቧ የሁለቱም ነው። መቂ የመጣችው ጃዕፈርን አግብታ ነው። ጃዕፈር ሽንኩርትና ቲማቲም አዲስ አበባ የሚያመላልስ ሹፌር ሲሆን፣ ከሁለቱ የምትናገረው እሷ ብቻ በመሆኗ በሰላም ይኖራሉ።

ሥራዋ ድለላ ነው። ማሳ ዳር ቆማ አንድ ሽንኩርት ታነሣና አንገቱን በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች። ከረገበ አልደረቀም ማለት ነው፣ መንገድ ላይ ይበሰብሳል። ገበሬውን «ያንተ ሽንኩርት እኮ ውሃ ነው፣ በጆግ ልትሸጠው ነው?» ትለዋለች። ዞር ብላ ነጋዴውን «እንዲህ ያለ ሽንኩርት አባትህም አልበላ» ትለዋለች። ሁለቱም እንደምትዋሽ ያውቃሉ። ሁለቱም ሌላ ደላላ አይፈልጉም።

እኔ ከመጫኛው ፊት ለፊት ጆንያና ሲባጎ እሸጣለሁ። ጠዋት ዳዊቴን እደግማለሁ፣ ከዚያ ገበያ እስኪመጣ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ስለዚህ ሑስና «የጆንያው ፕሮፌሰር» ትለኛለች። ስም ስታወጣ ይህ ከምታወጣቸው ሁሉ የተሻለው ነው፤ የወረዳው ባለሥልጣን የወጣለትን እዚህ መጻፍ አይቻልም።

በሁሉ የምትቀልደው ሑስና የማትቀልድበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ልጅ። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጨንግፈዋል። የሰው ሕፃን በታቀፈች ጊዜ ብቻ አፏ ዝም ይላል።

በሽታው የጀመራት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ማሳ ውላ ስትመጣ ጉንጮቿና አፍንጫዋ ላይ ቀይ ነገር ወጣ፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ ይመስል። መቂ ውስጥ ፀሐይ ላይ ውሎ ፊቱ ለቀላ ሰው ምርመራው አጭር ነው፤ ምች መትቶታል። ጎረቤት ሁሉ ዳማከሴ እየቆረጠ መጣ። ሑስና ዳማከሴ ተቀባች፣ ዳማከሴ ጠጣች፣ ዳማከሴ ታጠነች። «ከእንግዲህ ፍየል ባለበት አላልፍም፣ ትግጠኛለች» እስክትል ድረስ።

ከዚያ ጣቶቿ አበጡ። እሱ ደግሞ ሪህ ተባለ፤ ሥጋ ተከለከለች። ከዚያ ትኩሳትና ድካም መጣ። ክሊኒክ ሄዳ ደም ሰጠች፤ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባለች።

ስለ ታይፎይድና ታይፈስ ትንሽ ልበል። በእኛ አገር ክሊኒክ እነዚህ ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም። አንዱን ብቻውን አግኝቶት የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። ሑስና መርፌውን ጨርሳ ስትመለስ፣ እንደገና ታይፎይድና ታይፈስ። ሌላ ክሊኒክ ስትሄድ፣ እዚያም ቀድመዋት ደርሰዋል። በመጨረሻ ላቦራቶሪ ያለውን ሰውዬ «ወንድሜ፣ እነዚህ ሁለቱ እኔ ጋ ገብተው መኖር ከጀመሩ እኮ ኪራይ ይክፈሉኝ» አለችው።

ጃዕፈር በዝምታው ውስጥ አንድ ነገር ቆረጠ። አዳማ ላይ እንዲህ ያለ የመገጣጠሚያ ሕመም የምታክም ሐኪም አለች ሲባል ሰምቶ ቀጠሮ አስያዘላት። በቀጠሮው ቀን ግን ጭነት ያዘው። እኔ ጆንያ ላመጣ ወደ አዳማ ስለምሄድ አብሬያት እንድገባ ለመነኝ።

«ምን ላድርግልህ እዚያ?» አልኩት።

«ዶክተሯን እንዳትሰድብ ያዝልኝ» አለኝ። ከእሱ አፍ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር።

ዶክተር ሌንሳ ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ሑስና ወንበር ሳይሰጣት ተቀመጠች።

«ይሄ ጎረቤቴ ነው፣ ጋሽ ነገሪ። መጽሐፍ ያነባል። የምትዪውን እሱ ይያዘው፣ እኔ ሕመሙን ይዣለሁ።»

ሐኪሟ ፊቷን አየች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረገች፣ ስለ ፀጉሯ መነቃቀልና ስለ አፏ ቁስል ጠየቀች። ስለ ጨነገፉት ስትጠይቃት ሑስና አጭር መልስ ሰጠች። ከዚያ ደም ተቀዳና አዲስ አበባ ወዳለ ላቦራቶሪ ተላከ። መልሱ ሲመጣ እኔና ሑስና እንደገና እዚያው ወንበር ላይ ነበርን።

«ሰውነታችን የተሠራው ከሴሎች ነው» ብላ ጀመረች ዶክተር ሌንሳ። «በየሴሉ መሃል ኒውክለስ የሚባል አለ። ጓዳ በይው። ጓዳው ውስጥ ፕሮቲኖች አሉ፣ የየራሳቸው ሥራ ያላቸው። በደምሽ ውስጥ ደግሞ ከውጭ የሚገባውን ተውሳክ የሚመቱ ዘበኞች አሉ። ያንቺዎቹ ዘበኞች ጓዳሽ ገብተው የራስሽን ፕሮቲኖች ጠላት ናቸው ብለዋል። በሽታው ሉፐስ ይባላል።»

«ዘበኛው ሌባውን ትቶ ባለቤቱን እየደበደበ ነው?»

«ልክ እንደዚያ።»

«ማነው ይሄን ዘበኛ የቀጠረው?»

ዶክተሯ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«እንዴትስ አወቃችሁ? የእኔን ጓዳ ባሌ እንኳ አያውቀው» አለች ሑስና።

«መጀመሪያ የደምሽን ውሃ ሴሎች ላይ አፍስሰው፣ የሚያበራ ቀለም ጨምረው በማይክሮስኮፕ አዩት። ኒውክለሶቹ አረንጓዴ አበሩ።»

«መቂ መብራት ሲጠፋ እኔን ማንጠልጠል ነዋ!»

«ይሄ ብቻውን አይበቃም፤ አንዳንድ ጤነኛ ሰው ላይም ያበራል» አለች ሐኪሟ ሳቋን ይዛ። «ስለዚህ የትኛውን ፕሮቲን እንደሚያጠቁ መለየት ነበረብን። ፕሮቲኖቹን ቀጭን ወረቀት ላይ በተርታ፣ በመስመር በመስመር ያስቀምጧቸዋል። የደምሽን ውሃ ሲያፈሱበት ዘበኞቹ የሚጠሉትን ሄደው ይይዙታል፤ ያ መስመር ይጠቁራል።»

ሑስና ጉልበቷን መታች። «ተጠርጣሪ አሰልፎ ማስጠቆም ነው በይኛ! ፖሊስ ጣቢያ እንደሚያደርጉት! እሺ፣ ደሜ ማንን ጠቆመ?»

«ሁለት። አንደኛው ስሚዝ ይባላል።»

«ፈረንጅ ነው?»

«ፕሮቲኑ ሁላችንም ውስጥ አለ። መጀመሪያ የተገኘው ግን ስሚዝ በምትባል ታማሚ ደም ነው፤ በስሟ ጠሩት። እሱን የሚያጠቃ ደም ካለ ሉፐስ ነው ለማለት ልባችን ይሞላል። ሁለተኛው ሮ ነው። እሱም የሌላ ታማሚ ስም መነሻ ነው።»

«አላህ ያሳያችሁ» አለች ሑስና ወደ እኔ ዞራ። «ስሚዝ የምትባል ሴትዮ አይቼ አላውቅም፣ ክፉ ተናግሬያትም አላውቅም። ደሜ ከየት አውቋት ነው የሚጣላት? ደግሞስ የታመመ ሁሉ ስሙ የሚወጣለት ከሆነ ለእኔ ምን አስቀራችሁልኝ?»

«ላንቺ ያስቀረነው መድኃኒት ነው» አለች ዶክተር ሌንሳ።

እኔ ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልደብቅም። በአንዲት ሴል ውስጥ ጓዳ፣ በጓዳው ውስጥ ሠራተኛ፣ ለሠራተኛው ስም። ፈጣሪ እንዲህ አድርጎ ሠርቶን ታይፎይድና ታይፈስ ብቻ ስንባል መኖራችን ገረመኝ።

መድኃኒቱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው። ዶክተር ሌንሳ በግልጽ ተናግራለች። «የወባ መድኃኒት ዘመድ ነው፣ ላንቺ የሚሠራው ግን ሌላ ሥራ ነው። ዘበኞቹን ያረጋጋልሻል። ቢሻልሽም፣ ደህና ነኝ ብትዪም፣ በየቀኑ ትወስጃለሽ። ስታረግዢም አታቋርጪም። ፀሐይ ላይ ደግሞ ተሸፈኚ።»

ይህን ንግግር ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው ብትነግረው ችግር አልነበረውም። እኛ ግን ሐይቅ ዳር፣ መስኖ ላይ፣ ትንኝ መሃል ነን። መቂ ውስጥ የወባ ክኒን እንደ ጨው ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት ይበደረዋል። አወሳሰዱም የታወቀ ነው፤ እስኪተውህ ትውጣለህ፣ ሲተውህ የተረፈውን ቀጥሎ ለሚንቀጠቀጠው ታስቀምጣለህ። ክኒን ይዞ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይቶ ያለፈ፣ በሰፈሩ ሰው ፊት ቀና ብሎ አይሄድም።

ሑስና መድኃኒቱን ጀመረች። ከጊዜ በኋላ ቢራቢሮው ከፊቷ ለቀቀ፣ ጣቶቿ ተፈቱ፣ የሽንኩርት አንገት መጫን ጀመረች። ሰፊ ባርኔጣ ገዛች። ጫኞቹ «ሼሪፍ» ሲሏት እሷ የእያንዳንዳቸውን ራስ ቅርፅ ከሽንኩርትና ከድንች እያመሳሰለች መለሰችላቸው። ከዚያ አረገዘች። ጃዕፈር ይህን ሲነግረኝ ጆንያ ሊገዛ የመጣ መስሎ ነበር፤ ጆንያውን ረስቶት ሄደ።

ደገፋን ከአይሱዙው ጀርባ ያየሁት ያኔ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ባርኔጣው ሥር ቅላቱ ተመለሰ። ጣቶቿ እንደገና አበጡ። በዚህ ጊዜ ጃዕፈር ጭነቱን ለሌላ ሹፌር ሰጥቶ ባዶ መኪናውን አስነሣ። እኔንም «ና» አለኝ። ሦስታችን ጋቢና ውስጥ ተጣበብን፣ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተትን አዳማ ገባን።

«ክኒኑን እየወሰድሽ ነው?» አለች ዶክተር ሌንሳ።

«እወስዳለሁ።»

«በየቀኑ?»

«ሲያመኝ።»

«ሳያምሽስ?»

«ሳያመኝማ ለምን አባክነዋለሁ? ሰው ይወስደዋል።»

«የትኛው ሰው?»

«የሚንቀጠቀጠው ነዋ።»

እኔ በዓይነ ሕሊናዬ የደገፋን መዳፍ አየሁ። ከዚያ የሰጠቻቸው ሰዎች አንድ በአንድ ከሑስና አፍ ወጡ። ደገፋ፣ የደገፋ ወንድም፣ ቲማቲም የምትለቅመው ሴትዮ፣ ውሃ ጠባቂው ሽማግሌ። የመቂ ግማሽ የሑስናን ሉፐስ እያከመ ነበር።

ዶክተር ሌንሳ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ሑስና፣ ለእነሱም አልጠቀምሻቸውም። የወባ ሰው ተመርምሮ፣ ለወባው በተመጠነው መድኃኒት ነው የሚድነው። ያንቺን ደግሞ ስሚኝ። ባለፈው ሮ ያልኩሽን ታስታውሻለሽ? እሱን የሚያጠቁት ዘበኞች በእንግዴ ልጁ በኩል አልፈው ወደ ልጁ ይገባሉ። አብዛኛው ልጅ ምንም አይሆንም። ጥቂቶቹ ላይ ግን የልባቸውን ምት የሚያስተላልፈውን መስመር ይጎዱታል፣ ልቡ ይዘገያል። ከተጎዳ በኋላ መመለስ ይከብዳል። ይህ ክኒን ያን አደጋ ይቀንሰዋል። ለሰው የሰጠሽው የራስሽን ብቻ አይደለም፣ የልጅሽንም ነው።»

ሑስና ሻርፗን ሆዷ ላይ ሰብሰብ አደረገች፣ ከመስኮት የሚገባ ብርድ ያለ ይመስል።

ጃዕፈር ነው የተናገረው። «አሁን ልቡ ይታያል?»

መጋረጃ ተጋረደ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ቆሜ፣ የያዝኩትን ጸሎት መጀመሪያና መጨረሻውን እያምታታሁ አልኩት። ከዚያ ከመሣሪያው ድምፅ ወጣ፤ ፈጣን፣ እርጥብ፣ ደከመኝ የማይል ድምፅ።

ጃዕፈር አጠገቤ ሆኖ እንደ ሹፌር አንገቱን ሰበር አድርጎ አዳመጠ፤ ጧት መኪና አስነሥቶ፣ ነዳጅ ሳይረግጥ የሞተሩን ሚኒሞ ሲሰማ እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

«ሚኒሞው አልወረደም» አለ።

«ለዛሬ ደህና ነው» አለች ዶክተር ሌንሳ። «ገና ስለሆነ ግን በየሳምንቱ እናየዋለን። ክኒኑ ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ቀን እንዳትዘለል።»

ከአዳማ እስከ ሞጆ ሑስና ቃል አልተናገረችም። ሞጆ ላይ አንድ ባጃጅ መንገዳችንን ቆርጦ ገባ፤ ጃዕፈር ሆነ ብሎ እሷን አያት። ባለ ባጃጁን አልሰደበችውም። ቆቃን ስናልፍ በእኔ በኩል ጠጋ ብሎ «ጋሽ ነገሪ፣ እባክህ ምን እናድርግ? ብትሰድበኝ ይሻለኛል» አለኝ። እኔም መቂ እስክንገባ ድረስ የምትሰድበው ሰው እየፈለግሁ በመስኮት አየሁ።

በማግስቱ መጫኛው መጣች። ደገፋ ወንድሙን ደግፎ መጣ። ወንድሙ ብርድ ልብስ ተከናንቧል።

«ሑስና፣ ያቺን ክኒንሽን» አለ ደገፋ።

«ጤና ጣቢያ ሂዱ። ደም ተመርመሩ።»

ጫኞቹ ሳቁ። እሷ ጤና ጣቢያ ሂዱ ስትል ከስድቦቿ አዲሱ መሰላቸው። ደገፋም ሳቀ፣ መዳፉንም እንደዘረጋ ቆመ። እኔ ከሱቄ በር ላይ አያታለሁ። እጇ ወደ ቦርሳዋ ገባ። ቆየ። ባዶውን ወጣ። ከዚያ ፊቷን ከሰውየው አዙራ፣ ባርኔጣዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ መንገዱን ተሻግራ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። የክኒኑን ብልቃጥ ከቦርሳዋ አውጥታ ጆንያው ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሽ ነገሪ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ልሰጠው ነበር። የልጄን ልብ ትናንት ሰምቼ ዛሬ ልሰጠው ነበር። ሰው ሲንቀጠቀጥ ሳይ እጄ አያዳምጠኝም። ስለዚህ ይሄ አንተ ጋ ይቀመጥ። ጧት ዳዊትህን ስትጨርስ የእኔን ትሰጠኛለህ፣ ስውጠው ታየኛለህ።»

«ይሄማ ምን ችግር አለው፣ በደስታ ነው።»

«አልጨረስኩም። ሰው መጥቶ ሑስና ክኒን አስቀምጣ እንደሆነ ቢጠይቅህ፣ የለም በል።»

«ጤና ጣቢያ ሂዱ እላቸዋለሁ እንጂ።»

«እሱን ከ‹የለም› በኋላ በል፣ አንተን ይሰሙሃል። ግን ‹አለ፣ አልሰጥም› ካልካቸው ደገፋ ፊትህ ቆሞ ያለቅስብሃል፣ አንተም ትሰጠዋለህ። አውቅሃለሁ። አንተ ማለት እኔ ነህ፣ ስድብ አለማወቅህ ነው የሚለየን።»

«ሑስና፣ ዋሽ እያልሽኝ ነው እኮ። እኔ ሐሰት አልናገርም።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ!» አለች ብልቃጡን ወደ እኔ እየገፋች። «እኔ የለም ብል ማን ያምነኛል፣ ደላላ ነኝ። አንተ የለም ካልክ ግን አገሩ ሁሉ አምኖ ይሄዳል። ይሄን ሁሉ ዓመት እውነት ስትናገር ያጠራቀምከውን፣ ለእኔ ልጅ ትንሽ ብትመነዝርለት ምን አለበት፣ ጋሽ ነገሪ?»